እንዶዱን ውሃው ውስጥ እንዳትጨምሪው

ልጄ ውባለም፣ የባሕሩም የየብሱም ጌታ ባለሽበት ቤሩት ይጠብቅሽ። ላሚቱ ወልዳለች፣ እኛም ደህና ነን።

አሠሪሽ ቤት፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት መስታወት ውስጥ ድንጋዩ አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሶ እመቤቲቱ ተቆጣችኝ ስትዪኝ፣ ወደ ቤሩት በምትመለሰው በራቢያ እጅ እንዶድ ላክሁልሽ። ጋቢ ያነጣ እንዶድ ድንጋይ ያቅተዋል ወይ ብዬ ነው። ትናንት ለወንድምሽ ለአለበል ብነግረው ራሱን ያዘ። «እማዬ፣ እንዶድ እኮ ዓሣ ይፈጃል!» አለኝ። ብንደውል ብንደውል ስልክሽ ዝግ ነው፤ ራቢያም ደርሳለች። እዚህ ጋይንት ተቀምጬ ምን አባቴ ላድርግ? ይህንንም እሱ በስልኩ እየጻፈልኝ ነው።

እኛ ዘንድ ጥላ ሥር ያለ ምንጭ አረንጓዴ አይለብስም፤ የመስታወቱን መብራት ቀንሺና ድንጋዩን በእጅሽ ፈትጊው። እንዶዱን ጨምረሽው ከሆነ ግን እመቤቲቱን «እናቴ ናት የፈጀቻቸው» በያት። እኔን ትርገመኝ። እመብርሃን ቁጣዋን ታብርድልሽ፤ አንቺ ብቻ ስልክሽን ክፈቺ፣ ልጄ።