ትጊ ያየችው የጠፈር ፊልም

ውዷ የሺዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ጥምቀት አለፈ። አምና ልጽፍልሽ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ስምሽን ከጻፍኩ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ተውኩት። ዘንድሮ ግን የማወራሽ ነገር አለኝ። የልጃችን ነገር ነው። ከማንም በፊት ካንቺ ጋር ልመክርበት የሚገባኝ ነበር፤ ዘግይቼም ቢሆን ይኸው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በጓሮ በኩል የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ድስት የምትደቅኚበት ጥግ አሁን ደረቅ ነው። ለአጥር የተከልነው ቁልቋል ከሰው ቁመት በልጧል። ቀሚሶችሽን እህትሽ ወስዳቸዋለች፤ ሰማያዊው ሹራብሽ ግን ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር አልወረደም። ነፋሱ ያው የጅጅጋ ነፋስ ነው። ጠዋት የጠረግሁት ግቢ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ይጠብቀኛል።

ሥራዬም አልተለወጠም። ያንኑ የውሃ ቦቴ ይዤ ሃርትሼክ እመላለሳለሁ። አንቺ እያለሽ ከድንበር ማዶ ጦርነት ሸሽቶ መምጣት የጀመረው ሕዝብ ዛሬ ሜዳውን ሞልቶታል። መኪናዬ ከሩቅ ሲታይ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያንከባለሉ ይወጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ተራው ስለሚረዝም እዚያው አድራለሁ።

እኔ መንገድ ስወጣ ትጊ ጎረቤታችን ሳህራ ቤት ትውላለች፤ ታድራለችም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልጃችንን ያሳደገቻት ሳህራ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ከልጆቿ ጋር ከአንድ ሳህን ሩዝ ታበላታለች፤ ምግቡ ሥጋ የሆነ ቀን ግን የኛን ወግ አክብራ ለሷ ብቻ ሽሮ ትሠራላታለች። ትጊም «ኤዶ ሳህራ» ትላታለች፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለቷ ነው። ቋንቋውን ከኔ በላይ ታቀላጥፈዋለች። የኔ ሶማሊኛ ውሃና ጎማ ላይ ያበቃል።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ እናትሽ እማማ ጥሩወርቅ ከናዝሬት መጡ። ጭቃውን ረግጠው ቤት እንደገቡ ትጊን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። በማግሥቱ ረጋ ብለው የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። ልጅቷ ትምህርቷን ናዝሬት እሳቸው ጋ ሆና ትማር፤ አባት እንደኔ መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነ ሴት ልጅ በጎረቤት አትዘልቅም አሉኝ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። እሺ አልኳቸው። ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ድሬዳዋ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በባቡር። ትጊን «አያትሽ ጋ ጥቂት ቀን ቆይተሽ ትመጫለሽ» እንበላትና ስትለምድ እንነግራታለን ተባባልን። ልጅ ናት፤ ከወዲሁ ለምን ታልቅስ ብለን ነው።

ፊልሙ የመጣው በዚሁ ሳምንት ነው። የሳህራ ባል ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ ወርዶ ሲመለስ የቪዲዮ ዴክና ጥቂት ካሴቶች ይዞ መጣ። አንደኛው በዐረብኛ የሚናገር የልጆች የሥዕል ፊልም ነበር፤ በመንኮራኩር ከኮከብ ኮከብ ስለሚዞሩ ሰዎች። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ልጆቹ ባዶ በርሚል ውስጥ ገብተው በዐረብኛ እየጮሁ ይተኩሳሉ፣ ይነሣሉ፣ ያርፋሉ። ትጊ የምጣድ ክዳን ደረቷ ላይ አስራ ስትሮጥ እማማ አይተው አማተቡ። ሰማይ ላይ የሚዋጉት እነማን ናቸው? ሰይጣን ይሆን የሚያሳዩዋቸው? ብለው ሲጨነቁ ሰነበቱና ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ። አባት ነህና ሄደህ በዓይንህ እየው አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ሄድኩ። በሩ ላይ የልጆች ጫማ ተከምሯል። መብራት ቀን ስለማይኖር የሱቁ ጄኔሬተር በጓሮ ይጮኻል። ሳህራ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ልጅነቷን ኤደን ስላሳለፈች ዐረብኛ ትሰማለች። ፊልሙ የሚለውን ለልጆቹ በሶማሊኛ ትነግራቸዋለች፤ ትጊ ደግሞ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ጆሮዬ ውስጥ ታንሾካሹካለች። በዐረብኛ ረጅም የነበረው ንግግር በሳህራ አፍ ያጥራል፤ ትጊ ጋ ሲደርስ መልሶ ይረዝማል። ግማሹን ራሷ እየጨመረችበት እንደሆነ ገብቶኛል፤ አላቋረጥኳትም።

መንኮራኩሩ ሆዱ ሰፊ ነው፤ የኔን ቦቴ ገልብጠሽ ጅራቱ ላይ እሳት ብትለኩሺበት እሱን ይመስላል። የሚመራው አንድ ሽበታም አዛዥ ነው። አንዲት ቀጭን መካኒክና በአንድ ጎማ የሚሄድ የብረት ሰው አብረውት አሉ። ከተቃጠለ ኮከብ ላይ ያገኟት ፀጉሯ አረንጓዴ የሆነ ትንሽ ልጅም አለች። መጀመሪያ ላይ እንደ ሹፌር ነበር የማየው። ነዳጅ አይሞሉም፣ ጎማ አይተነፍስባቸውም፣ ኬላ ላይ የሚያስቆማቸው የለም። ይህን ለትጊ ስነግራት ዝም በል አለችኝ።

ጠላቶቻቸው እያሳደዱ ይተኩሱባቸዋል። አንድ ጊዜ የመንኮራኩሩ ጎን ተቀደደ። ያን ጊዜ አዛዡ ለትንሿ ልጅ ሰጋ። ጸጥ ያለች፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ብቻ ዛፍ እየተከሉ የሚኖሩባት ኮከብ ላይ አረፉ። አሮጊቶቹ ደጎች ናቸው፤ ልጅቷን ያጥቧታል፣ ያበሏታል። አዛዡ ከነሱ ጋር ከተስማማ በኋላ ልጅቷን ጠርቶ ከዚያ ማዶ ካለው ዛፍ ፍሬ ለቅመሽ ነዪ አላት። እየሮጠች ሄደች። ጀርባዋን ስትሰጥ መንኮራኩሩ ተነሣ። አዛዡ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ ወደ ታች ግን አያይም። ልጅቷ ፍሬውን በቀሚሷ ይዛ ስትመለስ ሜዳው ባዶ ነው።

የሺዬ፣ ጉልበቴ ላይ ያለችውን ትጊን አጥብቄ ያዝኳት። የሥዕል ፊልም ነው እያልኩ ራሴን ለማረጋጋት ሞከርኩ።

ከዚያ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ሌላ ነገር መጣ። ካሴቱ ላይ የሆነ ሰው የሠርግ ድግስ ቀድቶበታል። ከበሮ ይመታል፣ የማናውቃቸው ሴቶች ይጨፍራሉ። የፊልሙ መጨረሻ የለም። ልጆቹ በየቀኑ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይከራከራሉ አሉ። ገሚሱ ይመለሳሉ ይላል፤ ገሚሱ መንኮራኩሩ ተመትቶ ወድቋል ይላል። ትጊ ከማንም ጋር አልተከራከረችም።

ወደ ቤት ስንመለስ እጇን ይዣት ነበር። አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ምን የሚሆኑ ይመስልሻል አልኳት።

«ልጅቷ አሁን አታለቅስም» አለችኝ። «ቅርብ የሄዱ ስለሚመስላት እዚያው ቆማ ትጠብቃቸዋለች።»

«ቢነግሯት ኖሮ እሺ ትል ነበር?»

«እምቢ ትል ነበር። ግን ሳትስማቸው አይሄዱም ነበር።» ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ «እኔም እማዬን አልሳምኳትም» አለች።

ያን ማለዳ ታስታውሺዋለሽ። ትኩሳቱ አላስቆም ሲልሽ ሐረር ሆስፒታል ልንወስድሽ መኪና ደጃፍ ቆሞ ነበር። ትጊ ተኝታለች። አትቀስቅሷት፣ ነገ ከነገ ወዲያ እመለስ የለ ብለሽ በሩ ላይ ቆመሽ አየሻት። እኔም ያልሽው ትክክል መስሎኝ ነበር፤ ማን ሌላ ሊያስብ ይችላል? ሳምንት ሳይሞላ ሬሳሽን ይዘን ስንመለስ ትጊ ሳህራ ቤት ነበረች፤ ቀብሩንም አላየችም። ልጅ እንዲህ ያለውን ማየት የለበትም ተብሎ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ እሱ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ረስታዋለች ብዬ ነበር።

ቤት ስንደርስ እማማ ምን እንዳየሁ ጠየቁኝ። ሰይጣን የለበትም አልኳቸው። አንዲት ልጅ ሳይነግሯት ጥለዋት ሲሄዱ ነው ያየሁት አልኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም። ትጊ መንገድ ላይ ያለችኝን ስነግራቸው መቀነታቸውን ፈትተው መልሰው አሰሩት። ከዚያ፣

«እንግዲያው ንገራት» አሉኝ። «ብትጠላኝም ትጥላኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነገርኳት። ለጥቂት ቀን እንዳልሆነ፣ ዓመቱን እዚያ እንደምትማር፣ እኔ እዚህ እንደምቀር፣ ለገና እንደምመጣ፣ ክረምት ሲገባ እሷ እንደምትመለስ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ወደ ሳህራ ቤት ሮጣ ሄዳ አልመጣም አለች። ሰኞም አልሄዱም። እማማ ጉዞውን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተላለፉት። ሳህራ አልገፋቻትም፣ አልያዘቻትምም። አጠገቧ እየተቀመጠች ፀጉሯን ስትሠራት ሰነበተች። ሳህራም ከጦርነቱ ወዲህ የሐርጌሳ እህቷ የት እንደደረሰች አታውቅም፤ ከሃርትሼክ በተመለስኩ ቁጥር አይተሃት ይሆን ትለኛለች። ለትጊ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ሁለቱ በሶማሊኛ ነው የሚያወሩት።

ሐሙስ ዕለት ትጊ ራሷ መጣች። እሄዳለሁ፣ ግን የማውቃቸውን ሁሉ ከተሰናበትኩ በኋላ ነው አለች። ይዣት ዞርኩ። አስተማሪዋን ተሰናበተች፣ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ ተሰናበተች፣ የሳህራን ፍየሎች እንኳ ጆሯቸውን ይዛ ሳመቻቸው። ቅዳሜ ማታ ልብሷን ስናሰናዳ ሁሉንም ጨረስሽ ወይ አልኳት። እማዬ ቀረች አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ወደ መቃብርሽ መጣን። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ቀሩ። ትጊ ስምሽን ድንጋዩ ላይ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ማንበብ እንደምትችል ያን ቀን አየሽላት። ከዚያ ሰው ቤት ገብታ የምታወራ ይመስል ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ናዝሬት ልሄድ ነው» አለችሽ። «ከእማማ ጋር ነኝ። አባዬ እዚህ ነው።»

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ሳመችው። ግራ ቀኝ፣ እንደገና ግራ፣ ሰው እንደሚሳም። አቧራውን ከከንፈሯ በእጅጌዋ ጠረገችና በቃ እንሂድ አለችን። እኔ ግን ድንጋዩ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ካንቺ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እማማ መጥተው ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

ሰኞ ሄዱ። አውቶቡሱ ወደ ካራማራ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ ትጊ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታየኝ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ከሷ አላነሣሁም። ሳህራ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ማታም ልጇን ምግብ አስይዛ ላከችልኝ።

ለገና እንዳልኩት ሄድኩ። የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ከክፍሏ ስድስተኛ ወጥታለች፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተጣልታ ታርቃለች። ማታ ማታ ከእማማ ጎን ተኝታ ታሪክሽን ታስወራቸዋለች። አንቺ በልጅነትሽ ከባቡር ጣቢያው ሎሚ ስትገዢ ጠፍተሽ ሰፈሩን ሁሉ እንዳስጨነቅሽ እኔ አላውቅም ነበር፤ እሷ ነገረችኝ። የመመለሻዬ ቀን ሳይደርስ አስቀድሜ ቀኑን ነገርኳት፤ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ከብዶኛል። ሆኖም ሐምሌ ሲገባ ሄጄ አመጣታለሁ፤ ያንኑ ዕለት ወደ አንቺ እንመጣለን፤ የዓመቱን ሁሉ ራሷ ታወራሻለች። እኔም በየወሩ መጨረሻ እሑድ፣ መንገድ ካልያዘኝ በቀር፣ እዚያው አለሁ። መሥሪያ ቤቱ ሹፌሮችን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊያዛውር ነው የሚል ወሬ አለ። እውነት ከሆነ ትእዛዝ ነውና እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር እወቂልኝ፤ መጥቼ ሳልነግርሽ ከዚህ ከተማ አልወጣም።

የትጊ አባት