ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ጠበሉ በጣም ይቀዘቅዛል ብለሻል አሉ፤ ስትወጪ ጋቢሽን ደርበሽ ልበሺ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ጠበል ቦታ ስልክ አይያዝም ብለሽ ትተሽው ስለሄድሽ፣ ይኸው ለእትዬ ዘቢደር ወረቀት ላስይዛቸው ነው።

የሕንፃ ሥዕል የምሠራበት ኮምፒውተር ጭራሽ እምቢ አለ። ያለ እሱ እንጀራ የለኝምና ፒያሳ፣ ረሻድ ሱቅ ሄድኩ። ሁለት አወጣልኝ። አንዷ ትንሽዬ ዴስክቶፕ ናት፤ ከድፎ ዳቦ ቁራጭ አትበልጥም። የአባባ ሬዲዮ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ልክክ ትላለች፣ ብትበላሽም በቀላሉ ትጠገናለች። ሌላው የጌም ላፕቶፕ ነው፤ ከባድ፣ ሲሠራ እንደ ወፍጮ የሚጮህ፣ ቁልፎቹ በቀይና በአረንጓዴ የሚበሩ። ብታዪው የዱርዬ ዕቃ ነው ትዪ ነበር። አቅማቸው እኩል ነው።

ልቤ ትንሿን ወደደ። ረሻድ ግን፣ እቤት ነው የምትሠሪው ወይስ ይዘሽው ትዞሪያለሽ አለኝ። ያኔ በራችን ትዝ አለኝ።

ደምሽ ከፍ እንዳይል ልደብቅሽ ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰዎች መጥተው ሰፈሩን ለኩ፣ በራችን ላይም በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ጋሽ እምሩ፣ ቆጠራ ነው ልጄ፣ አትፍሪ ይሉኛል። እሳቸው ግን የአጥራቸውን ቆርቆሮ እየነቀሉ ነው።

ፈርቻለሁ እማዬ። በር በተንኳኳ ቁጥር እበረግጋለሁ። አትክልት ተራ በኩል የጭነት መኪና ሲያጓራ እንኳ ዶዘር ይመስለኛል።

ላፕቶፑን ገዛሁ። ቦርሳ ሲያመጣልኝ ትልቁን ስጠኝ አልኩት፤ ረሻድ፣ ላፕቶፑ ይዋኝበታል እኮ ብሎ ሳቀብኝ። እቤት ስገባ የአባባን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ ከጎኑ ከተትኩት። ገባ። የሠርጋችሁ ፎቶም ገባ። ጠረጴዛው ብቻ ነው ያልገባው።

ጠበሉን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ። ስትመጪም በቀጥታ ወደ ቤት አትሂጂ፤ ጊዮርጊስ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።

ጠበሉ መድኃኒት ይሁንሽ፣ ጸሎትሽ አይለየኝ።

ቦርሳዋን አዝላ የምትጠብቅሽ ልጅሽ