ዓይኔን ጨፍኜ የሳልኳት እናቴ

ሰኞ
ዛሬ ክፍል ውስጥ አፈርኩ። ስድስት ሥዕሎቼን ደረደርኩ፤ መምህራችን አንድ በአንድ አዩዋቸው። «እጅሽ ጎበዝ ነው» አሉኝ። «ግን ለምንድን ነው የምትስዪው?» ስድስቱንም ከስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ ነው የሳልኳቸው። ዓርብ የመመረቂያ ሥራዬን ሐሳብ ማቅረብ አለብኝ። ምንም የለኝም። ምንም!

ማክሰኞ
አዲሱ ገበያ ስንደርስ የታክሲያችን ጎማ ተነፈሰ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሄደ፤ እኔ ጎሚስታው ቤት ቆሜ ቀረሁ። ጎሚስታው ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ ነፉና ዓይናቸውን ጨፍነው በጉንጫቸው ዳሰሱት። ቀስ ብለው። «እዚች ጋ ናት!» እኔ ምንም አይታየኝም። ውሃ ውስጥ ሲነክሩት እውነትም እዚያው ጋ አረፋ ወጣ።
«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።
«ዓይን ይቸኩላል ልጄ» አሉኝ።
እስከ ቤቴ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ዊንጌትን ማለፌም አልታወቀኝም።

ረቡዕ
እማዬ ከሥራ ስትገባ «ፊትሽን ልዳስሰው?» አልኳት።
«አሞሻል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ግን ተቀመጠችልኝ።
ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንባሯ፣ ቅንድቧ፣ ጉንጮቿ... አገጯ ስር ስደርስ ጣቴ ቆመ። ጠባሳ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ አይቼው አላውቅም።
«አንቺን ነፍሰ ጡር ሆኜ የቁስቋም ቁልቁለት ላይ አዳለጠኝ» አለችኝ። «ሁለቱንም እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። በቃ፣ በአገጬ ወደቅኩ።»
ይኼን ስትለኝ ተነስታ የምሳ ዕቃዋን እያጠበች ነበር።

ሐሙስ
ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ በከሰል ሳልኩ። አራት ወረቀት ተበላሸ። አምስተኛው ላይ አፍንጫዋ ተጣሟል፣ አንዱ ዓይኗ ወርዷል። ግን እሷ ናት። ፎቶ እያየሁ ከሳልኳት ሁሉ ይበልጥ እሷ ናት። እኔ ነኝ የሳልኩት?
እማዬ ብዙ ቆማ አየችውና «ጌታ ይባርክሽ» ብላኝ ወጣች። ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ዓርብ
አቀረብኩ። ከተማሪዎቹ አንዱ «አፍንጫው...» ብሎ ጀመረ፤ መምህራችን በእጃቸው ዝም አሰኙት። ለምን እንደምስል ሲጠይቁኝ ያዘጋጀሁት ወረቀት ጠፋብኝ። «እናቴን የማውቃት ይመስለኝ ነበር» ብቻ አልኩ። መምህራችን ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ «በዚሁ ቀጥዪ» አሉኝ።
ተመስገን! አሥር ፊቶች እሠራለሁ ብያለሁ። ማን ፊቱን ያስነካኛል? እንጃ። አባዬን ገና አልጠየቅኩትም። እማዬ ሳትነግረው አልቀረችም መሰለኝ፤ ማታ ፂሙን ተላጭቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።