ፎቶው በልኩ እንዲደርስሽ

የካ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ናዝሬት፣

ኪጋሊም እንደ እኛው ሰፈር ኮረብታ ነውና የጠዋቱ ብርድ እንግዳ እንደማይሆንብሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። እናትሽ የተከለችው ኮክ ዘንድሮ እንዳበበ ጎረቤታችን ክብረት ነግራኛለች።

የላክሁልሽ ፎቶ ከመጠን በላይ ገዝፎ፣ አገጬና የሸሚዜ ቁልፎች ብቻ ስክሪንሽን እንደሞሉት ጽፈሻል። ቁልፎቹ መዛነፋቸውንም አይተሻል። «አባዬ፣ ቁልፉ የተዛነፈ ተማሪ ከሰልፍ የምታስወጣው አንተ አልነበርክም? ዓይንህ ከሆነ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ» ብለሻል። በየተራ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስለ ፎቶው። ጥፋቱ የካሜራው መስሎኝ ያንኑ ፎቶ ደጋግሜ ለራሴ ላክሁት፤ እኔ ጋ ምንም ጉድለት የለውም። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዤ መገናኛ ወረድሁና ኮምፒውተር ለምትጠግነው ለሀናን ሰጠኋት። ሴቲንጉን እንደከፈተች ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁለት መቶ ፐርሰንት ያደረገብዎ ማነው?»

እኔው ነኝ አልኋት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ እጥፍ እንዲጎላ ሳደርግ፣ ኢሜይሉ ውስጥ የማስገባው ፎቶም አብሮ እጥፍ ይሆናል። እኔ ዘንድ ፊደሉም ፎቶውም እኩል ስለጎሉ ልዩነቱ አይታወቀኝም። የአንቺ ስክሪን ግን መቶ ላይ ነው፤ ፎቶው ከነግዝፈቱ ይደርስሻል። ዕድሜዬን ሙሉ የካርታ ስኬል ያስተማርሁ ሰው ይህ እንዴት እንዳመለጠኝ እንጃ። ካርታ ቢያንስም ቢተልቅም በሁለት ከተማ መሐል ያለው መንገድ ያው ነው እል ነበር ለተማሪዎቼ። ያው ነው።

ሀናን ዓይኔን ታይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጥቁር ሰሌዳ የለመደ ሰው ትልቅ ፊደል ይወዳል አልኋት። ይህን ስላት አልሳቀችም። ስክሪኑን ወደ መቶ መልሳ «እስቲ ያንብቡልኝ» አለች። መነጽሬን ረስቼ ስለነበር አላነበብሁላትም።

ስለ ቁልፎቹ ደግሞ፣ ሸሚዙ አዲስ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ወደ እንጦጦ መውጣቱን ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ኮረቱ ያንሸራትታል። እሁድ እሁድ ክብረት ክንዴን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰኛለች፤ ወሬ ስለምትወድ ነው። ስለዚህ ሥራሽን ጥለሽ የምትመጪበት ምክንያት የለም። ውልሽ እስከ ሰኔ ነው፤ ጨርሺው። በግማሽ የቀረ ሥራ እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

ቤቱ ጸጥ ሲልብኝ ደብዳቤሽን እከፍትና አጎላዋለሁ፤ ከሁለት መቶም በላይ። «አባዬ» የሚለው ቃል ብቻውን ስክሪኑን ሲሞላው፣ ከጓዳ የጠራኝ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ሀናን ሱቋ በር ላይ አቁማ አዲስ ፎቶ አንሥታኛለች። ከማንሣቷ በፊት «ጋሼ፣ አንድ ቁልፍ ዘለዋል» አለችኝ፤ ዞር ብዬ ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየዳሰስሁ ቆለፍሁት። ይህን የምጽፈው ቤት ገብቼ እንደገና አጉልቼው ነው፤ ስጨርስ ስክሪኑን ወደ መቶ መልሼ ፎቶውን አስገባዋለሁ፤ የት የት እንደሚጫን ጣቴ ለምዶታል። በልኩ ይደርስሻል። በዚያ ልክ ግን ለእኔ ነጭ ግድግዳ ላይ እንዳረፈ ጥላ ነውና፣ አንቺው አይተሽ ንገሪኝ። ቁልፎቹ ተስተካክለዋል? ፊቴስ ምን ይመስላል?

መልሱን ስትጽፊ ፊደሉን ጎላ አድርጊው፣ ልጄ።

የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ፤ እግዚአብሔር በምትሄጂበት ሁሉ መንገድሽን ያብራልሽ።

አባትሽ
ልደቱ