ቆርቆሮ በዱቤ ይሸጡ የነበሩት የአቶ እንግዳው ቢሻው የሕይወት ታሪክ

አቶ እንግዳው ቢሻው ከአባታቸው ከአቶ ቢሻው አየነው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናለብሽ ደምሴ በጥር ወር 1957 ዓ.ም. ከእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ፣ በዘንገና ሐይቅ አካባቢ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ያደጉባት ቤት የሣር ክዳን ስለነበረች፣ ዝናብ በበረታ ቁጥር የታናናሾቻቸውን መኝታ ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዛውሩ እንደነበር ዘወትር ያወሱ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የአንደኛ ደረጃን በእንጅባራ፣ የሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። ውጤቱ ስላልመጣላቸው እዚያው ዳንግላ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥረው ንግድን ተማሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ እመቤት ታደለ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሦስት ልጆችን አፍርተዋል።

በ1994 ዓ.ም. አዲስ ቅዳም ላይ የራሳቸውን የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ገበሬው ከሰል ሸጦ የሚያገኘው ገንዘብ በእጁ ገብቶ ይወጣል እንጂ፣ የአንድ ቤት ክዳን ዋጋ በአንዴ ሊያጠራቅም አይችልም ነበር። አቶ እንግዳው ሲሶውን በቅድሚያ ተቀብለው፣ የቀረውን በየገበያው ጥቂት በጥቂት እየከፈለ እንዲጨርስ ቆርቆሮውን ያስጭኑት ጀመር። በዱቤ ሲሆን ዋጋው ከእጅ በእጅ ከፍ ይል ነበር፤ ይህንንም አልሸሸጉም። ውሉ በአማርኛ የተጻፈ ቢሆንም ነገሩን በአዊኛ ሳያስረዱ ማንንም አስፈርመው አያውቁም። ካልተከፈለ ቆርቆሮው እንደሚነሣ የሚለውን አንቀጽ ግን ሁልጊዜ በፍጥነት ያነቡት እንደነበር በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከዚያች ሱቅ ብዙ ሰው እንጀራ በልቷል። ክዳን የገዛ ሁሉ አናጺ ይቀጥራል፣ ጣውላ ያስመጣል፣ ጋሪ ይከራያል። አናጺውም ባገኘው ለልጁ ፍራሽ በዱቤ ይወስዳል። ሌሎች ነጋዴዎችም ይህንኑ ተከትለው ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች አልጋና ቴሌቪዥን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ መሸጥ ያዙ። አቶ እንግዳው ራሳቸውም ዕቃውን የሚያመጡት ባሕር ዳር ካለ አከፋፋይ በዱቤ ነበር፤ ለመያዣም ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ይሰጡት ነበር። ሁሉም በነገ ላይ ተማምኖ ነበር።

ነገር ግን የአካባቢው ገበሬ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ፣ ዲከረንሱ፣ ቅጠሉ በበሽታ ይረግፍ ጀመር። ቀጥሎም መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከሰል የሚጭነው አይሱዙ ጠፋ። ከፋዩ በመጀመሪያ ዘገየ፣ ከዚያም ሱቁን ሸሽቶ በጓሮ ማለፍ ጀመረ። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አከፋፋዩ ቼኩን ባንክ ሊያስገባ ስድስት ቀን ብቻ ቀረው። በሒሳባቸው ውስጥ ግን ስንቅ፣ ማለትም ለቼኩ የሚበቃ ገንዘብ፣ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ዓባይነህ ነው። በዚያ ሳምንት «አንቀጹ እያለ ምን ትጠብቃለህ? ቆርቆሮህን አንሣ» ብሎ የመከራቸው እርሱ ነው። «ክረምት ገባ እኮ» ነበር መልሳቸው። «እስር ቤትም ዝናብ አለ» ብሎ መለሰላቸው። በማግሥቱ አናጺ ይዘው ወጡ።

ሦስት ቤት ሄዱ። ሁለቱ ባለቤቶች በጋቸውንና ጊደራቸውን ሸጠው ከፈሉ። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ሸጋ ነበሩ። ባለቤታቸው በየካቲት አርፈው፣ እርሳቸው ከወለዱ ገና አርባ ቀን አልሞላቸውም ነበር። ሕፃኑን እንደታቀፉ ደጅ ወጥተው በአዊኛ ለመኗቸው፦ «ጋሼ፣ ክረምቱን ብቻ ያሳልፉኝ። ከመስቀል በኋላ ራሴ አስነቅዬ አመጣልዎታለሁ።» አቶ እንግዳው መሬት መሬት እያዩ ለአናጺው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሠላሳ ስድስቱ ቆርቆሮ ወርዶ ሳያልቅ ማካፋት ጀመረ።

ቆርቆሮው ሚስማር የበሳው ስለነበረ በግማሽ ዋጋ እንኳ የሚወስደው አልተገኘም። የተሰበሰበው ሁሉ ተደምሮ ከቼኩ አሥር እጅ አንዱን አልሞላም። ቼኩ ተመለሰ። ያለ በቂ ስንቅ ቼክ በመስጠት ተከሰው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ተፈረደባቸው፤ ሱቁም መኖሪያ ቤታቸውም በሐራጅ ተሸጠ። ወይዘሮ እመቤት ዳንግላ በተከራዩት አንድ ክፍል እየኖሩ በየሳምንቱ ስንቅ አመላልሰውላቸዋል። የቆየ የስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ያጠቃው በእስር ላይ ሳሉ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. በአመክሮ ሲፈቱ በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ ወይዘሮ ሸጋ ነበር። ሴትዮዋ በዚያው ክረምት ቀያቸውን ለቀዋል፤ ጨቅላው በብርድ ታሞ ከሞት መትረፉን እንጂ የሄዱበትን የሚያውቅ አልነበረም። እግራቸው እያበጠ ገበያ ለገበያ ጠየቁ። በመጋቢት ወር ዳንግላ ውስጥ፣ በአንድ ግንባታ ላይ አሸዋ ሲያመላልሱ አገኟቸው። አቶ እንግዳው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ። ወይዘሮ ሸጋ ባሬላውን አስቀምጠው ካዳመጧቸው በኋላ፣ «ይነሡ፣ ጋሼ። እኔ ልቤ ገና ነው። ሲመጣልኝ መልእክት እልክልዎታለሁ» አሏቸው።

አቶ እንግዳው ያንን መልእክት እስኪሞቱ ድረስ ስምንት ወር ጠበቁ። ስልክ በጠራ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ለኩላሊት እጥበት ባሕር ዳር መመላለሱ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሲሆን፣ በጥቅምት መጨረሻ ሕክምናውን ራሳቸው አቆሙት። በዚያው ሰሞን ወንድማቸውን አስጠርተው፣ «ስሞት ደግ ነበር ብለህ ብቻ እንዳታልፈኝ። የሸጋን ነገር ጻፈው፣ ይነበብ» ብለው አዘዙ። «ምክር ሰጪው እኮ እኔ ነበርኩ» ቢላቸው፣ «እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉት። የታዘዘው ተፈጽሟል።

አቶ እንግዳው ቢሻው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እመቤት፣ ልጆቻቸው ዮዲት፣ ሃናና ይኸነው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ዓባይነህና ወዳጅ ዘመዶቻቸው በኀዘን ላይ ይገኛሉ።

በእጃቸው የተጠቀማችሁም፣ በእጃቸው የተጎዳችሁም ዛሬ እዚህ ቆማችኋል። ይቅር ማለት የቻላችሁ ስለ ነፍሳቸው ይቅር በሉልን፤ ያልቻላችሁትን ግን አንለምንም፣ አናስቸግርም። ሰው የነፈጋቸውንም፣ እርሳቸው ለሰው የነፈጉትንም የሚያውቅ መሐሪ አምላክ ነፍሳቸውን ብርድ በሌለበት ያሳርፍልን። አሜን።