አረፍ ያለው ፓምፕና የእንግዶቹ ሳይክል

ይድረስ ለወንድማለሜ ለናስር፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወንድማለም። እንዴት ከርመሃል? ወገብህን ያምህ የነበረውስ ተሻለህ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እኔ ብቻ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ።

"ማሻአላህ፣ ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየሁት፤ ፓምፑ ውሃውን ያንዶለዱለዋል" ብለህ በድምፅ የላክህልኝን ስሰማ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የምን ውሃ! አንተ በላብህ የገዛኸው የፀሐይ ፓምፕ ከኅዳር ጀምሮ ድምፁ የለም። ከሲሪንቃ ያመጣናቸው የማንጎ ችግኞች ቅጠላቸው እየተጠቀለለ ነው። እኔና እማዬ ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከምን ነፍሳቸውን ያዝንላቸው እንጂ አልቀው ነበር። ፓምፑን የሸጠልን ድርጅት ስንደውል "እንደውላለን" ይላል፤ አይደውልም።

ባለፈው ሰሞን ቅዳሜ የዚሁ ድርጅት ሰዎች አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ በሳይክል ሆነው መርሳ ገቡ። ደንበኞቻቸውን ጠይቀው ከሰዓት ወልድያ ከተማን ሊጎበኙ ነው። አባዬ "አላህ ላካቸው፣ ፓምፑን ያዩልናል" ብለው ቤቱን አተራመሱት። ክርስቲያንም ይኖርባቸዋል ብለው ሥጋውን ትተው ማርና እርጎ አስቀረቡ።

እንደ ገቡ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ በዓይናቸው ገሠጹኝ። የቤታችንን ወግ ታውቀዋለህ፤ እንግዳ በልቶ፣ ዱዓ ተደርጎለት ሳያበቃ ወቀሳ አይሰማም። ፎቶ አንሺያቸው "እስቲ ፓምፑን ያስነሱልን" ቢላቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ትንሽ አረፍ ብሏል" አሉት። ወይ አባዬ! ሁለት ወር ሙሉ ማረፍ አለ? ሰውየው ግድም አልሰጠው፤ ለእጅ መታጠቢያ የቀዳሁትን ጀሪካን አንስቶ ቦዩ ላይ ገለበጠና አባዬን አጠገቡ አቁሞ ፎቶ አነሳቸው። ያየኸው ውሃ እሱ ነው፤ እኔ በጀርባዬ ያመጣሁት።

በሉ፣ ጠጡ፣ ተመረቁ። አባዬ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ ልጆቼ፣ አንዲት ነገር ነበረችኝ" ከማለታቸው ፊሽካ ተነፋ። ወልድያ ሳይመሽብን ብለው ብድግ ብድግ አሉ። አለቃቸው አቶ ልዑል ሳይክሉ ላይ ሊወጣ ሲል ጎማዋ በእሾህ ተንፍሶ ተገኘ። የምትከተላቸው መኪና ዕቃ ሞልቷት ስለነበር እሱ ጋቢና ገባና ሳይክሏን "አደራ፣ መኪና እንልክባታለን" ብሎን ሄደ። እኔ እየሮጥኩ "ፓምፑስ?" ብዬ ብጮህ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። እጁን ይቁረጠው! አስተግፊሩላህ።

ከዚያ ወዲህ በስልክ መቀመጫ አሳጡን። ሳይክሏን ፀሐይ አይምታት፣ ልጆች አይንኳት ይላሉ። ለፓምፕ የጠፋ አንደበት ለሳይክል ተገኘ! አባዬ ደግሞ ጓዳ አስገብተው ቡልኳቸውን አልብሰዋታል። "የፓምፕ ባለሙያ ካላመጡ አንሰጥም" ብላቸው "አደራ መያዣ አይሆንም፤ በስተርጅና አደራ በላ ልታሰኚኝ ነው?" ብለው ተቆጡኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሰዎቹ ይልቅ በአባዬ ተናድጄ አኮረፍኳቸው።

ትናንት ግን አቶ ልዑል ሲደውል ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝና "ልጄ፣ ያንተ አደራ ደህና ናት። እኛ አምነን የሰጠንህስ?" አሉት። ሰውየውም ሐሙስ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ አለ። ይምጣ! ሳይክሏን አባዬ ጠርገው ያስረክቡታል። እርጎው ግን ያለው በእኔ እጅ ነው፤ ችግኞቹ ሳይጠጡ እሱ አይጠጣውም።

እማዬ ስላንተ ዱዓ ላይ ናት፣ ወገብህን በጨርቅ ጠበቅ አድርገህ እሰር ብላሃለች። ታናሻችን አሚና ናፍቀሃታል፤ ጎረቤታችን እትዬ ታደለችም እንዴት ነው ልጄ እያሉ ይጠይቁሃል። አባዬ ሰላም ብለውሃል። ያንን ፎቶ ደግሞ ለማንም እንዳታሳይ፣ ፊቴን አይቶ ሌላ ገበሬ እንዳይገዛ ብለዋል።

እህትህ ናጅዋ
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.