በሴኮንድ አምስት ጊዜ

ጥቅምት 4
ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። የሠራነውን የሊፍት መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ አስረክበን ተገላገልን። ቤት ስገባ እማዬ ኮምፒውተር ላይ የኮሌታ ንድፍ እየሳለች ነበር። ማውሱን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ስታየኝ አንዱን አወረደች። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኗል።

ጥቅምት 6
ጠየቅኳት። እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ የሚገድልም፣ የሚድንም አይደለም ብሏታል። በልብስ ፋብሪካው የንድፍ ክፍል አለቃዋ ሥራዋን ሁለት ጊዜ መልሶባታል። ለሦስተኛ ጊዜ ከመለሰው፣ ውጪ ሳይሉኝ በራሴ ሥራውን እለቃለሁ አለች። ሠላሳ ዓመት የሠራችበት እጅ! አንድ ቤት እየኖርን እንዴት አላየሁም?

ጥቅምት 9
በማውሱና በኮምፒውተሩ መሃል ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ቺፕ፣ ብናስገባስ? የእጇን እንቅስቃሴ ተቀብሎ፣ መንቀጥቀጡን አጣርቶ የቀረውን የሚያሳልፍ።
መጀመሪያ መለካት። አጠገቧ ስቀመጥ ባሰባት፤ ቁጥሩ ሁሉ ተዘበራረቀ። "እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ አትፍጠጪብኝ" አለች። በረንዳ ላይ ወጥቼ ጠበቅኩ። ስመለስ ጥርት ብሎ ተመዝግቧል... በሴኮንድ አምስት ጊዜ።

ጥቅምት 12
በቀላሉ ጀመርኩ። ቺፑ እንቅስቃሴዋን በሴኮንድ መቶ ጊዜ ያነባል፤ የመጨረሻዎቹን ሃያ ንባቦች አማካይ እንዲወስድ አደረግኩ። የመንቀጥቀጡ ደብዛ ጠፋ። ጮቤ ረገጥኩ። እማዬ ግን ሁለት መስመር ስላ ተወችው። መስመሩ ከእጇ ኋላ ኋላ ይጎተታል፤ ማዕዘኑ ይዶለድማል። ሰካራምን እጁን ይዞ ቤቱ እንደማድረስ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጥቅምት 15
አማካዩን ተውኩት። በሴኮንድ አምስት ጊዜ የሚመላለሰውን ብቻ ቆርጦ ሌላውን እንዳለ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ጻፍኩ። መጎተቱ ቀረ ማለት ይቻላል። ግን ማውሱን ስትለቀው ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት በራሱ ይሄዳል! "ሰይጣን ገባበት" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው?

ጥቅምት 16
ገባኝ። ቺፑ ክፍልፋይ አያውቅም፤ በየስሌቱ ትርፍራፊውን ይጥላል። ጥቂት በጥቂት ተጠራቅሞ ቀስቱን ይገፋዋል። ትርፍራፊውን ለሚቀጥለው ስሌት እንዲያስተላልፍ አደረግኩ። ቀስቱ ቆመ።

ጥቅምት 20
ሙሉ ኮሌታ ሳለች። እኔ መንቀጥቀጡ ፈጽሞ ይጥፋ ብዬ ቆረጣውን ባሰፋሁት ቁጥር ኩርባዎቹ ይበላሻሉ። እሷ ናት የገላገለችኝ። "ትንሽ ተይልኝ። ጨርሶ ሲጠፋ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኛል።"
ተውኩላት።

ጥቅምት 22
ዛሬ ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። ማንም እንዳያየው ከጠረጴዛ ሥር የሚለጠፍ ሣጥን ሠርቼላታለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ማታ ገብታ፣ አለቃዬ ነገ ነው የሚያየው አለች።

ጥቅምት 23
ሥራዋ አልተመለሰም።
ሣጥኑን ግን ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጠችው፤ ለሁሉም ፊት ለፊት። አለቃዋ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ ሠራችልኝ አለችው። እሱም ንድፉን አገላብጦ አይቶ፣ ነገ ደግሞ የእጅጌውን አምጪ ብሎ ሄደ። በቃ? አልኳት። ይኸው ነው አለች።
ወደ ምሳ ሲወጡ አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ለብቻዋ ሳብ አድርጋት የራሷን ቀኝ እጅ አሳየቻት። ቅዳሜ እኛ ቤት ትመጣለች።
"ጎን ለጎን ተቀምጠን" አለች እማዬ ጫማዋን እያወለቀች፣ "እሷ ከእኔ ስትደብቅ፣ እኔ ከእሷ።"